ፎጣ የለበሱ መጻሕፍት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጉልበቴን ለማሳየት ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም፣ አግዳሚው ጠንካራ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ያለማቋረጥ ሲያስል አረፈደ፤ ይቅርታም አልጠየቀ፣ አፉንም አልሸፈነ።

መዝጋቢዋ ወጣት ናት። ጥፍሯን ተጠንቅቃ የተቀባች፣ ጽሕፈቷ ግን የዶሮ ጭረት። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ። ከዚያ... ሥራ?

"የፍቅር ልብወለድ እጽፋለሁ።"

እጇ ቆመ። ቀና አለች። ሽበቴን አየች፣ ምርኩዜን አየች፣ ተመልሳ ሽበቴን አየች። ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጣት። ጠበቅኳት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ሲንጫጩ አደርገው እንደነበረው፣ እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ዝም። ሳቅ የሚመልስለት ካጣ ራሱ ይደክመዋል። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ እጄ ላይ የቀረችው ዘዴ ይቺው ናት።

በመጨረሻ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ጡረተኛ ብዬ ልጻፍልዎት እማማ?" አለች።

"ያልኩሽን ጻፊው።"

ጻፈችው። በደቃቅ ፊደል፣ ጠርዙ ላይ አስጠግታ፣ የሚያሳፍር በሽታ ይመስል።

አላፈርኩም። ከመጀመሪያውም አላፈርኩበትም። ግን ደከመኝ። የሚያደክመው መልሱ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ይስቃል። አንዱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዷ ጠጋ ብላ "የራስዎ ታሪክ ነው?" ትለኛለች። ሲሚንቶ እሸጣለሁ ብል ማን ይስቅ ነበር? የራስሽ ሲሚንቶ ነው ወይ ብሎስ ማን ይጠይቀኝ ነበር?

ጉልበቴ፦ ዕድሜ ነው አሉኝ። ይህን ለመስማት ነው ግማሽ ቀን የተቀመጥኩት...

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አሥራ አንደኛው ምዕራፍ። ልብስ ሰፊዋ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ጠጋኙ ምድር ቤት። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እሷ ዘንድ ለመድረስ ደረጃውን መውጣት አለበት፤ የሱም ጉልበት እንደኔው ነው። ወጥቶ ምን ሊላት?

ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። የልብወለዱን ከተማ ካርታ ሳልሥል አንድ መስመር አልጽፍም። ሱቋ የት ነው፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለች፣ ከጣቢያው በእግር ምን ያህል ያስኬዳል። የጂኦግራፊ አስተማሪ አመል። ፍቅርም ቢሆን የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል።

አሳታሚው ደወለ። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬም ቲቸር ነው የሚለኝ፤ የቤት ሥራ ሳይሠራ እንደመጣ ልጅ እየተቅለሰለሰ። ልብስ ሰፊዋን ሃያ አምስት ዓመት ያድርጓት አለ። የሃምሳ ዓመት ሴት ፍቅር ያዛት ሲባል ማን ያነባል? ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ታነባለች አልኩት። ያስቡበት ብሎ ዘጋ።

አሰብኩበት። ሃምሳ ሁለት አደረግኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ልጄ መጣች፣ ብርቱካን ይዛ። ብርቱካን ከያዘች ነገር አለ ማለት ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ባዶ እጇን መጥታ ለምና አታውቅም።

የእጮኛዋ ቤተሰብ ሊያዩኝ ይፈልጋሉ። አባትየው የቀድሞ ዳኛ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ከእህታቸው ጋር ይኖራሉ። በሚመጣው እሑድ ለምሳ። ጥሩ፣ እንሄዳለን አልኩ። ሁለተኛውን ብርቱካን አነሳችና መላጥ ጀመረች። የመጀመሪያውን ገና አልበላንም።

"ሥራሽን ከጠየቁሽ..."

"ይጠይቁኛላ።"

"ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ ብትያቸውስ፣ እማ? ውሸት እኮ አይደለም።"

አይደለም። ግማሽ ካርታ ነው እንጂ።

ዳኛው ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው አለችኝ። እስኪለምዱሽ ነው አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ። ይህን ሁሉ ስትል የምታየው ብርቱካኑን ነው። ልጄ መሐንዲስ ናት፤ ድልድይ ትሠራለች። ስንት ቶን የጫነ መኪና በላዩ ይሄዳል። የእናቷ ሥራ ግን ከበዳት።

እሺ አልኳት።

ለምን እሺ አልኩ? ይሉኝታ እኔን ይዞኝ አያውቅም፤ እሷን ግን ጨምድዶ ይዟታል፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። አባቷንም ሳትጠግበው ነው ያጣችው። ለማን ብዬ ነው እምቢ የምላት...

ብርቱካኑ ጎምዛዛ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከምሳው ተመለስን። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፈው።

ቤታቸው ንጹሕ ነው። መጋረጃው ከባድ፤ ወንበሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፍርድ የሚጠባበቅ ይመስል። ግድግዳው ላይ ግን ትልቅ፣ ወይቦ የሄደ የወንዞች ካርታ አለ። ዓይኔ እዚያው ቀረ። ዳኛው አዩኝና ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። አንዱ ወንዝ ካርታው ከተሣለ ወዲህ መንገዱን እንደቀየረ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸው ካርታውን እስኪነካ ተጠጉ። እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እውነቱን ለመናገር ወደድኳቸው። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ጥያቄው ሾርባው ላይ መጣ። ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር አልኩ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሰውየው ግን ዳኛ ናቸው፤ መልስ አገኘሁ ብለው አያርፉም።

"ታዲያ አሁን ጊዜውን በምን ያሳልፉታል?"

"እጽፋለሁ።"

"ምን ይጽፋሉ?"

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ። የመማሪያ መጽሐፍ አለች፤ የጂኦግራፊ። ማንኪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

እንዲህ አልነበረም የተስማማነው። ቃሌን ላሳጥር ተስማማሁ እንጂ ሌላ ቃል ይተካበት አላልኩም። ዳኛው እንደዚያ ፊታቸው በርቶ ለየትኛው ክፍል ነው፣ ካርታ አለው ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ... ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ሾርባው ቀዘቀዘ።

እህታቸው፣ የእጮኛዋ አክስት፣ ጨዋታ አዋቂ ናት። ፋርማሲ አላት፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ሥር ልብወለድ ታነባለች፤ ይህን ስትናገር አንገቷን አልደፋችም። ሰሞኑን የጨረሰችውን ትተርክልን ጀመር። አንዲት ነርስ አለች፣ የባቡር ነጂ ትወዳለች፣ ጥሏት ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ድልድዩን በሩጫ ተሻግሮ ጣቢያው ላይ ይደርስባታል...

የኔ መጽሐፍ። ሦስተኛው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አሳታሚው ያወጣልኝ ነው፤ የኔ ስም ለሽፋን ይረዝማል ብሎ። በምን ታውቀኝ?

"ድልድዩን የሚሻገረው እሱ አይደለም" አልኩ። "ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው። እሱ እዚያው ነው ያለው፤ የምትሻገረው እሷ ናት።"

ምን ነካኝ? ተማሪ ሰሜኑን ደቡብ ሲል ሰምቼ ማለፍ አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልቻልኩም። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

አክስትየዋ አሰብ አደረገችና፣ እውነትዎን ነው፣ እሷ ናት አለች። ከዚያ ዓይኗ በራ።

"እርስዎም ያነባሉ እንዴ?"

"አንብቤዋለሁ።"

ስንቴ እንዳነበብኩት እኔና ቀይ እስክርቢቶዬ እናውቃለን።

ዳኛው ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ እህታቸውን ለመተንኮስ ነው። "እኔን የሚገርመኝ አንባቢው አይደለም፤ ጸሐፊው ነው። ያን ሁሉ ወረቀት የሚፈጅ ሰው፣ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ ይሆን?"

ሁሉም ሳቀ። ልጄም ሳቀች።

ጠበቅኩ። ሳቁ አለቀ። ቀጥዬ መናገር ነበረብኝ... አልተናገርኩም።

ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። "አመሰግናለሁ፣ እማ።"

እንዲህ ሞቅ አድርጋ ካመሰገነችኝ ስንት ዘመኗ ነው? ያመሰገነችኝም ስለጠፋሁ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ምንም አልጻፍኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ምንም። ቁም ሣጥኑን አስተካከልኩ። እርሳሶቹን ሁሉ ቀረጽኩ። የማልጽፍበትን እርሳስ ምን አስቀረጸኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጠጋኙ ደረጃውን ወጣ። በሯ ላይ ቆሞ ያለከልካል። ምን ፈለግህ ትለዋለች። ሊፍቱን ለማየት ነው ይላል። ሊፍቱ ምድር ቤት ነው ትለዋለች። እሺ ይላል፤ ተመልሶ ይወርዳል። አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ አራቱንም ጊዜ ወረደ። እውነቱን የሚናገርበት አፍ ጠፋው።

ከሱ ምን እጠብቃለሁ? ከኔ ነው የተማረው።

አረምኩት፤ ከአሥር ሦስት። ሁለቱ ለጽሕፈቱ ንጽሕና ነው። ቀደድኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ዳኛው ደወሉ። ድምፃቸው በስልክ ይበልጥ ይለሰልሳል። ስለ መማሪያው መጽሐፍ ሲያስቡ ሰንብተዋል። ልጆች ዛሬ ስልካቸው ካላሳያቸው ቤታቸውን አያውቁም አሉ፤ የርስዎ ዓይነት ሰው ነው የሚያስፈልገው። በሚቀጥለው ስንመጣ ረቂቁን ቢያሳዩኝ ክብር ነው አሉ። በኅዳር ስምንት እኔ ቤት ናቸው።

እሺ አልኩ። "እሺ" የምትባል ቃል ሰሞኑን እንዴት ቀለለችኝ...

ለልጄ ነገርኳት። ገና አላለቀም በያቸው አለች። ከዚያስ? ከዚያ ይረሱታል። ይህ ሰውዬ የሚረሳ ይመስልሻል? ሥራ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ መዶሻ ይሰማል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኛው ግን እያደር ከበደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ልጄ ቤቱን ልታስተካክል መጣች። ወለሉን ወለወለች፣ መስኮቱን አጸዳች። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ካርታ ከግድግዳው አወረደች። ጠቅልላ፣ በላስቲክ አስራ፣ ከበሩ ኋላ አቆመችው። ምስማሩ ብቻ ቀረ።

መጻሕፍቴን ከመደርደሪያው አነሳች። ስድስቱንም። የት ልታደርጋቸው ነው ብዬ አየኋት። መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የሚታጠብ ልብስ የምንጨምርበት ቅርጫት ውስጥ ደረደረቻቸው፤ በላያቸው ፎጣ አለበሰች።

"ለነገ ብቻ ነው" አለች።

በጥንቃቄ ነው የደረደረቻቸው፤ ጀርባቸው እንዳይታጠፍ። ይህንን አይቻለሁ። ግን ፎጣው እርጥብ ነው። መጽሐፍ ላይ እርጥብ ፎጣ? ከሄደች በኋላ በደረቅ ቀየርኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጡ። ዳኛው፣ አክስትየዋ፣ እጮኛዋ። ሻይ፣ ዳቦ፣ ልጄ የጋገረችው ኬክ። ጨዋታው ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበቴ። አክስትየዋ አንድ ቅባት አዘዘችልኝ፣ መልሳ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አይረባም አለች። ጥሩ ነበር። ዳኛው ግን ከገቡ ጀምሮ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እግራቸው አጠገብ አስደግፈዋል። ሻዩን ሲጨርሱ አነሱት፤ ወረቀቱን ሳይቀድዱ ፈቱት።

አትላስ ነው። ትልቅ፣ የቆዳ ጀርባ ያለው። ሟች ባለቤታቸው በተጋቡበት ዓመት የሰጧቸው። እኔ ዘንድ አቧራ ነው የሚጠጣው አሉ። ልጆች በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ከሱ አንዲት መስመር ከገባች ይበቃኛል፤ እሷም ደስ ይላታል አሉ።

ጭኔ ላይ አኖሩት። ከባድ ነው። ገለጥኩት፤ ወንዞቹ በእጅ የተቀለሙ ናቸው።

ቀና ስል ልጄ ፈገግ ብላለች። ተገላገልን የሚል ፈገግታ። የሞተች ሴት ስጦታ በውሸታችን ላይ ሊደረብ ነው፣ እሷ ደግሞ ተገላገልን ብላለች...

አትላሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ተነሣሁ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቅርጫቱ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ ምርኩዜን ትቼ አንከስኩ። እጮኛዋ ላግዝዎት ብሎ ብድግ አለ፤ ተቀመጥ አልኩት። "እማ" አለች ልጄ፣ በቀስታ። ከአትላሱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ፎጣውን አነሳሁ።

"ይህን ስጦታ መቀበል አልችልም። የመማሪያ መጽሐፍ የለም። ሥራዬ ይሄ ነው፤ የፍቅር ልብወለድ እጽፋለሁ። ሰባተኛው ላይ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ያ ይበልጥ ከበደኝ። ሳቅ ቢሆን እጠብቀው ነበር፤ ዝምታን ግን እንዴት አድርገው ይጠብቁታል?

መጀመሪያ የተናገረችው አክስትየዋ ናት፣ ለራሷ ያህል። "ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው..." አለች። ከዚያ እጇን ሰድዳ ሁለቱን አነሳችና ማንንም ሳታስፈቅድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "የመማሪያ መጽሐፍ ያለችው ልጅዎ ናት።" ልጄን ግን አላዩዋትም፤ እኔን ነው።

"እኔ እዚያው ነበርኩ። ስሕተት ሰምቼ ሳላርም ካለፍኩ ስሕተቱ የኔ ነው።"

መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ "እኔ የሥራ ዘመኔን ፍቺ ስፈርድ ነው የጨረስኩት። እርስዎ 'ተፈጸመ' የሚሉበት ገጽ ላይ ነበር የኔ መዝገብ የሚከፈተው" አሉ። ቀልድ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ለራሳቸውም አልገባቸውም።

በጨዋ ደንብ አመሰገኑ፣ ኬኩን አሞገሱ፣ ኮታቸውን ለበሱ። አትላሱን ጠቅልለው በክንዳቸው ሥር ያዙ። ልክ ነው። እጮኛዋ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፎጣ አንስቶ አራት ዕጥፍ አድርጎ ወንበሩ ላይ አኖረና ወጣ።

ደከመኝ። የቀረውን ነገ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የቀረው ይሄ ነው።

ልጄ ሳህኖቹን ታጥባለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ጠበቅኳት። በሷ ላይ አይሠራም፤ ከኔው ጋር ነው ያደገችው።

አንድ ቀን ለምኜሽ ነበር አለች በመጨረሻ። አንድ ቀን። እሺ ብለሽኛል። እሺ ብዬሻለሁ፣ ማጠፌ ልክ አይደለም፣ አትላሱን ግን አየሽው አልኳት። አትላሱን ተይው አለች። ዞረች። እጇ አረፋ።

"የወላጆች ስብሰባ ትዝ ይልሻል? ስድስተኛ ክፍል?"

የሚታወስ ነገር አልነበረውም ለኔ። የክፍሏ ኃላፊ አስተማሪ ወላጆችን ተራ በተራ ሥራቸውን ሲጠይቁ፣ ተነሥቼ፣ አስተምራለሁ፣ የፍቅር ልብወለድም እጽፋለሁ ብዬ፣ የመጽሐፌንም ርዕስ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ያኔም እንደዛሬው።

በነጋታው መጽሐፉ ክፍሉ ውስጥ ነበር አለች። ሁለተኛው። የመሳሳሙን ገጽ አጥፈውበታል። በየዕረፍቱ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ ያነበዋል፤ ሌሎቹ እሷን ከበው ያያሉ። ስም አወጡላት፣ ስሙን ልትነግረኝ አልፈለገችም። ዓመቱን ሙሉ። አንቺ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ሰው የሚስቀው ግን በኔ ነው አለች።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። "አልነገርሽኝም እኮ።"

"ብነግርሽ መጥተሽ ንባባቸውን ታርሚላቸው ነበር።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ኮቷን ለብሳ ሄደች። በሩን አልወረወረችም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ነው ለካ። አላፍርም እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። እኔ ያላፈርኩትን እሷ ስታፍርልኝ ኖራለች... በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ብቻዋን።

ታዲያ ያን ቀን ሌላ መልስ መስጠት ነበረብኝ? ሌሊቱን... አይ፣ ጠዋቱን ሙሉ አሰብኩት። መልሱ ልክ ነበር። ግን ከመለስኩ በኋላ ዞር ብዬ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችውን ልጅ ማየት ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አልደወለችም። ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ አለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል።

ካርታውን መልሼ ሰቀልኩት። ጠጋኙ ደረጃውን ወጣ። ምን ፈለግህ አለችው። ሊፍቱ ከተሠራ ሰነበተ፣ እኔ ነኝ አጥፍቼ ያቆየሁት፣ አንቺ በደረጃ ስትወርጂ ለማየት ብዬ አላት። እሷ ደግሞ ጉልበቷን እያሸች፣ አንተ ጉድ፣ አለችው።

ከአሥር ሰባት። ለኔ ሰባት ብዙ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

የመጨረሻውን ምዕራፍ ለአሳታሚው ሰጠሁት። የልብስ ሰፊዋን ዕድሜ አየና ተነፈሰ። ከዚያ፣ "እናቴ የፊቶቹን ምዕራፎች ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ወስዳለች፣ አልመለሰችልኝም" አለ። እናቱ ስንት ዓመታቸው ነው? አልጠየቅኩትም። ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ትቆይ ብሏል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ለማን ልንገር ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ይዤው ቆምኩ... መልሼ ከተትኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ልጄ መጣች።

ብርቱካን አልያዘችም። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። የያዘችው መጽሐፍ ነው፤ ሦስተኛውን። ከአክስትየዋ ተውሳ። ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ገጽ አርባ ላይ፣ ድልድዩ መሃሉ ላይ ምሰሶ የለውም፣ በሁለቱ ዳርቻ ብቻ ነው የተያዘው ብለሻል።"

"ብያለሁ።"

"መጨረሻው ላይ ነርሷ ስትሻገር መሃል ላይ ትቆምና ምሰሶውን ተደግፋ ታለቅሳለች።"

"አዎ..."

"የትኛውን ምሰሶ?"

መጽሐፉን ተቀበልኳት። ገጽ አርባን አየሁ፣ መጨረሻውን አየሁ። ከመሳቢያው የዚያን ከተማ ካርታ አወጣሁ። ድልድዩ አለ፣ ወንዙ አለ፣ ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ አለ። ምሰሶ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ያቺ ሴት አየር ተደግፋ ስታለቅስ ኖራለች። አሳታሚው አላየው፣ አንባቢው አላየው፣ እኔ አላየሁት።

"እንዲህ ያለ ድልድይ ደግሞ ሰው መሃሉ ላይ ሲቆም ይወዛወዛል" አለች። "ቢያንስ ትደንግጥ።"

"እስከ መጨረሻው አነበብሽው ማለት ነው?"

"ሁለቴ። ምሰሶውን ያገኘሁት በሁለተኛው ነው።"

"በመጀመሪያው ምን ሆነሽ ነው ያለፈሽ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "እኔም እያለቀስኩ ነበራ።"

ሻይ አፈላሁ። ምን ላድርግ ሌላ?

ስድስተኛ ክፍልን አነሳሁባት። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ሳልጨርስ፣ ተይው እማ፣ ሁለተኛውንም ተውሼዋለሁ፣ ያን ገጽ ዛሬ ሳነበው ያን ያህል እንኳ አይሳሳሙም አለች። ተውኩት። ግን አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ፤ ጅምር ዓረፍተ ነገር አልወድም።

ሠርጉ በሚያዝያ ነው። ዳኛው ሰላምታ ልከዋል፣ እንደ ደንቡ። አትላሱን አልላኩም። አልጠበቅኩም። ይሁን።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ባለፈው ቢሮ ውስጥ ስለ ሠርጉ ሲያወሩ እናትሽ ምን ትሠራለች ብለው ጠየቋት አለችኝ። ነግራቸዋለች።

"ሳቁ?"

"ሳቁ።"

"አንቺስ?"

"ጠበቅኳቸው።"

እጅሽን አጣምረሽ? አልኳት። ታዲያ ሌላ እንዴት ይጠበቃል አለችኝና ደረጃውን ወረደች።

መጽሐፉን ትታልኛለች። አሁን ሳገላብጠው ከምሰሶው ሌላ አራት ቦታ አርማለች፤ ሦስቱ ልክ ናቸው፣ አራተኛውን እከራከራታለሁ። ለሚቀጥለው እትም ምሰሶው ይነሳል፤ ድልድዩም ይወዛወዛል።

ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። አንዱን የቀነስኩባት በእስክርቢቶ ስላረመች ነው። ያውም በሰው መጽሐፍ ላይ።